ሲነዳ የሚያቀዘቅዝ፣ ሲቆም የሚሞቅ ኤሲ እና የዓባይ በረሃ አቀበት

ከባሕር ዳር የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የ2004 ሞዴል ማንዋል ኮሮላ አለኝ። ኤሲው መንገድ ላይ ስነዳ በደንብ ያቀዘቅዛል፤ ከተማ ውስጥ ተጨናንቄ ስቆም ግን የሞቀ አየር ይነፋል። ባለፈው ሚያዝያ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ጎሃ ጽዮን ስወጣ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠጋብኝና ቆሜ አሳለፍኩት። እንጅባራ ላይ ደግሞ ዝናብ ሲሆን መስታወቱ በእንፋሎት ይሸፈንብኛል። አንዱ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቼ እንድጥልና ኤሲ እንዳልከፍት፣ ሌላው የኤሲ ጋዝ እንዳስሞላ መከሩኝ። በመስከረም አረጋዊት እናቴን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይዤ ስለምሄድ የትኛውን ልስማ? መንገድ ላይ ችግር ቢገጥመኝስ ምን ላድርግ?»

ውድ ጠያቂ፣ ቴርሞስታቱን አያውጡ፤ ጋዝም ገና አያስሞሉ። የነገሩኝ ሦስት ችግሮች ለየብቻቸው የመጡ ቢመስሉም፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእኔ ግምት ምንጫቸው አንድ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከብልሽት ይልቅ የመቆጣጠሪያ ቁልፎቹን አሠራር ከማወቅ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን የምለው መኪናዎን በዓይኔ ሳላይ ስለሆነ፣ ግምቴ ትክክል መሆን አለመሆኑን ራስዎ ግቢ ውስጥ የሚያረጋግጡበትን መንገድ ጭምር እጽፍልዎታለሁ።

የመኪና ኤሲ ሥራው ከተሳፋሪው ክፍል ሙቀት ለቅሞ ወደ ውጭ መጣል ነው። ከዳሽ ቦርዱ ኋላ ያለው ኢቫፖሬተር የውስጡን አየር ሙቀት ይቀበላል፤ ኮምፕሬሰሩ ያንን ሙቀት የተሸከመውን ጋዝ ጨምቆ ከራዲያተሩ ፊት ወደተገጠመው ኮንደንሰር ይልካል፤ ኮንደንሰሩም በቀጫጭን ክንፎቹ መካከል ለሚያልፈው የውጭ አየር ሙቀቱን ያስረክባል። መኪናዎ በሰዓት 60 ወይም 80 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ይህንን አየር የሚያመጣው ጉዞው ራሱ ነው። ሲቆም ግን አየር የሚስብለት የኤሌክትሪክ ቬንትሌተሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲነዱ የሚያቀዘቅዝና ሲቆሙ የሚሞቅ ኤሲ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው የአየር እጥረትን ነው፤ ወይ ቬንትሌተሩ አይዞርም ወይም ደክሟል፣ አለዚያ የኮንደንሰሩ ክንፎች በአቧራና በነፍሳት ተደፍነዋል። በሐይቁ ዳርቻ በምሽት የሚያሽከረክር ሰው የመኪናው ፊት በትንኝ ተለብሶ እንደሚያድር ያውቃል፤ ከዚያ ላይ የበጋው አቧራ ሲጨመር ክንፎቹ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ እንደ ጭቃ ግድግዳ ይመረጋሉ።

አሁን ወደ ዓባይ በረሃ እንውረድ። ራዲያተሩ የተቀመጠው ከኮንደንሰሩ ኋላ ነው፤ የሚተነፍሰውም ያንኑ አየር ነው። ከድልድዩ እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው አቀበት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ የሚወጣበት ነው፤ በተሳቢ መኪና ኋላ ሆነው በሁለተኛ ማርሽ ሲወጡ ሞተሩ ከፍተኛ ሙቀት ያመነጫል፣ ፍጥነቱ ግን ከሰው ሩጫ ብዙም አይበልጥም፣ የበረሃውም አየር ከባሕር ዳር አየር ይልቅ ይሞቃል። በጉዞ የሚመጣው አየር በሌለበት ሁሉ ሸክሙ ቬንትሌተሩ ላይ ይወድቃል። ከተማ ውስጥ ሲቆሙ ኤሲዎን ያሞቀው ድክመት፣ በረሃው ላይ ሞተርዎን ያሞቀው ያው ድክመት ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። ከተማ ውስጥ የታየው የኤሲው መሞቅ ለእናትዎ ጉዞ አስቀድሞ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ በቸልታ አይለፉት።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ኮፈኑን ይክፈቱ፣ ሞተሩን ያስነሡና ኤሲውን ይጫኑ፤ ቬንትሌተሩ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ መዞር አለበት። መዞሩ ብቻ አይበቃም። አንድ የደብተር ወረቀት ከመኪናው ፊት በኩል ወደ ኮንደንሰሩ ያስጠጉት፤ ጤነኛ ቬንትሌተር ወረቀቱን ስቦ ይለጥፈዋል። ወረቀቱ ተንሸራትቶ ከወደቀ ወይ ቬንትሌተሩ ደክሟል ወይም ክንፎቹ ተዘግተዋል። ከዚያ ኤሲውን ያጥፉና ሞተሩ በቆመበት እንዲሠራ ይተዉት፤ የሙቀት መለኪያው ጠቋሚ ወደ መካከል ሲደርስ ቬንትሌተሩ በራሱ ተነሥቶ የተወሰነ ጊዜ ሠርቶ ተመልሶ መቆም አለበት። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ እጅዎን፣ ነጠላዎን ወይም የሸሚዝዎን ክንድ ከቬንትሌተሩ ያርቁ፤ ሳይታሰብ በራሱ ይነሣልና።

ጨርሶ የማይዞር ከሆነ በኮፈኑ ሥር ያለውን የፊውዝ ሳጥን ክዳን ገልብጠው ይመልከቱ፤ የትኛው ፊውዝና የትኛው ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) የቬንትሌተሩ እንደሆነ እዚያው ተሥሎ ያገኙታል። ፊውዙ ተቃጥሎ ከሆነ በዚያው አምፔር ቁጥር ይተኩት። በሽቦ ወይም በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ማገናኘት በብዙ መኪኖች ላይ ያየሁት ልማድ ነው፤ ፊውዙ ሳይቃጠል የሚቀረው ገመዱ እንዲቃጠል ተፈርዶበት ስለሆነ እባክዎ አይሞክሩት። ሪሌዩን ለመፈተን በዚያው ሳጥን ውስጥ ካለ፣ ቁጥሩና የእግሩ አቀማመጥ ተመሳሳይ ከሆነ ሌላ ሪሌይ ጋር ማለዋወጥ ይቻላል። ሁለቱም ደህና ሆነው ቬንትሌተሩ ካልተነሣ የራሱ የቬንትሌተሩ ሞተር አልቆ ሊሆን ስለሚችል ኤሌክትሪሺያን ጋር ይውሰዱት።

ክንፎቹ ከተዘጉ መታጠብ አለባቸው፤ አስተጣጠቡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ላቫጆ ቤት ወስደው የኃይለኛውን ግፊት ውሃ ከቅርብ ቢያስረጩበት ክንፎቹ ይተኛሉ፤ የተኛ ክንፍ ደግሞ ከቆሻሻው በባሰ አየር ይዘጋል። በተራ የቧንቧ ጎማ፣ በለዘበ ግፊት፣ ቢቻል ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይታጠብ። ብዙዎች ከፊት ብቻ አጥበው ይመለሳሉ፤ በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ የተጠቀጠቀው ጥጥ መሰል ቆሻሻ ግን እዚያው ይቀራል። በእኔ ልምድ ችግሩ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው፤ የላይኛውን ማያያዣ ፈትቶ ክፍተቱን የሚያጸዳ ሰው ይፈልጉ።

ጋዝ እንዲሞላ የመከረዎት ሰው በበጎ ልብ እንደተናገረ አልጠራጠርም፤ ሆኖም የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ሲጎድልም ብዙውን ጊዜ በቆመበትም በጉዞም ቅዝቃዜው ይደክማል። በእርስዎ መኪና ላይ አየር ስለጎደለው ኮንደንሰሩ ያለው ግፊት አሁንም ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ ተጨማሪ ጋዝ መግፋት ኮምፕሬሰሩን ማስጨነቅ ነው። መጀመሪያ አየሩ ይስተካከል፤ ከዚያ በኋላም ቅዝቃዜው ካላረካዎት በመለኪያ ይፈተሽ።

ብዙ ሰው የማያስባት አንዲት ትንሽ ዕቃ አለች፤ የራዲያተሩ ክዳን። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ በተከፈተ ድስት የተጣደ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ እንጅባራ፣ ደጀንና ጎሃ ጽዮን ደግሞ ከዚህም ከፍ ስለሚሉ ውሃ ቀደም ብሎ ይፈላል። የሞተሩ የተለመደ የሥራ ሙቀት 90 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ስናስብ፣ በደጋው አገራችን ውሃውን ከመፍላት የሚጠብቀው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። በክዳኑ አናት ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ያያሉ፤ ያ ግፊት በትክክል ከተያዘ የመፍያው ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ሞተሩ ምንም ሌላ ጉድለት ሳይኖርበት አቀበት ላይ ይፈላል። እንዲህ ዓይነት መኪና ራዲያተር ሲቀየርለት፣ የውሃ ፓምፕ ሲቀየርለት፣ በመጨረሻም ክዳኑ ተቀይሮ ሲድን በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ስለዚህ ላስቲኩን ይመርምሩ፤ ከተሰነጠቀ ወይም ዕድሜውን ካላወቁት በዚያው ቁጥር አዲስ ይግዙ። ከፍ ያለ ቁጥር የተሻለ ይመስላል፤ ያረጁ ቱቦዎችን ስለሚፈትን ግን አልመክርም።

ቴርሞስታት ይውጣ የሚለው ምክር በየጋራዡ ሥር የሰደደ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋ፣ በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት የሚጀምር በር ነው። ሲወጣ ሞተሩ ሜዳ ላይና በደጋ ብርድ ከሥራ ሙቀቱ በታች ይሆናል፤ የሞተሩ ኮምፒውተርም «ገና አልሞቀም» ብሎ ነዳጅ ያበዛል፣ ዘይቱ በደንብ አይሞቅም፣ የሞተሩ ዕድሜ ያጥራል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የመመለሻውን አቋራጭ መንገድ አብሮ የሚዘጋ ስለሆነ፣ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀርና ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ለማቀዝቀዝ የታሰበው ነገር አቀበት ላይ ያሞቃል ማለት ነው። በእርስዎ ጉዳይ ሌላም ጉዳት አለው፤ ወደ መስታወቱ የሚነፋው ሙቅ አየር የሚገኘው ከዚሁ የሞተር ውሃ ስለሆነ፣ ቴርሞስታት የሌለው መኪና እንጅባራ ላይ ለብ ያለ አየር ብቻ ይሰጥዎታል፤ መስታወቱም ይበልጥ ይሸፈንብዎታል። ቴርሞስታቱን ከጠረጠሩት አስወጥተው በድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥለው እሳት ላይ ይጣዱት፤ ውሃው ከመፍላቱ በፊት ካልተከፈተ ተበላሽቷልና በአዲስ ይተኩት።

ራዲያተሩ ውስጥ ያለውንም ይመልከቱ። ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ታጥቦ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እና የተጣራ ውሃ በእኩል መጠን ይሞላ። ኩላንት በአገራችን በረዶን ለመከላከል ባያስፈልግም የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትንም ይከለክላል። የሐይቅ ወይም የወንዝ ውሃ ደለልና ማዕድን ስላለው በመደበኛነት አይሞላበት። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ያወጡትን አሮጌ ኩላንት በምንም ምክንያት ወደ ቦይ እንዳያፈሱ። ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ነው፤ ውሻም ላምም ቀምሰውት ይሞታሉ፤ የባሕር ዳር ቦይ መጨረሻው ደግሞ ጣና ነው።

መስታወቱ በእንፋሎት የሚሸፈነው የውስጡ አየር እርጥበት ስለተሸከመና መስታወቱ ስለቀዘቀዘ ነው። አራት ሰው በዝናብ የራሰ ጋቢ ለብሶ ሲሳፈር፣ ትንፋሹ ሲጨመርበት፣ ደግሞ አየሩ ከውስጥ ወደ ውስጥ እንዲዞር የሚያደርገው ቁልፍ ተጭኖ ሲቀር፣ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። በመኪና ምስል ውስጥ የሚዞር ቀስት ያለበትን ቁልፍ ያጥፉትና ከውጭ አየር ይግባ። የንፋሱን አቅጣጫ ወደ ላይ የሚሄዱ ጠማማ ቀስቶች ወዳሉት የፊት መስታወት ምልክት ያዙሩ፣ ሙቀቱን ወደ ቀይ ያድርጉ፣ ኤሲውንም ይክፈቱ። በብርድ ኤሲ መክፈት ብዙ ሰው ይገርመዋል፤ ሆኖም አየሩ መጀመሪያ በቀዝቃዛው ኢቫፖሬተር ላይ ሲያልፍ ውሃው ጤዛ ሆኖ ይወርዳል፣ ከዚያ በማሞቂያው ሲያልፍ ይሞቃል፤ ደረቅና ሙቅ ሆኖ የሚደርሰው አየር መስታወቱን በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ያጠራዋል። የመጀመሪያው መካኒክ ኤሲ አይክፈቱ ሲልዎት ከዚህ ጥቅም ነው የለየዎት። ለኋላው መስታወት በላዩ ላይ የተሰመሩትን ቀጫጭን ገመዶች የሚያሞቀውን ቁልፍ ይጠቀሙ፤ ሲጠራ ያጥፉት፣ ባትሪ ይበላልና። በክረምት ምሽት በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ በኤሲው የቀዘቀዘው መስታወት ከውጭ በኩል ጤዛ ሊይዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዋይፐር ይጠቀሙና ቀዝቃዛውን ንፋስ ከመስታወቱ ያንሡ።

ስለ እናትዎ ምቾት ጥቂት ልጨምር። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ሲነሣ መጀመሪያ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተው የታመቀውን ሙቀት ያስወጡ፤ ከዚያ ዘግተው ኤሲውን በውስጥ አየር ዑደት ላይ ያድርጉ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የውጭ አየር አልፎ አልፎ ያስገቡ፣ ያለበለዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል። ቀዝቃዛው ንፋስ አንገታቸውንና ጉልበታቸውን በቀጥታ እንዳይመታ የመሐሉን መውጫ ወደ ጣሪያው ያንሡት። ኤሲው ሽታ ካለው ወይም ንፋሱ ደካማ ከሆነ፣ ከፊት ተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ መያዣ ኪስ ኋላ የሚገኘውን የአየር ማጣሪያ አውጥተው ይመልከቱ፤ ባለቤቱ መኖሩን ሳያውቅ ለዓመታት ሳይቀየር የሚቀር ዕቃ ነው። ከመኪናው ሥር፣ ከተሳፋሪው እግር አካባቢ ንጹሕ ውሃ ሲንጠባጠብ ቢያዩ አይደንግጡ፤ ኤሲው ከአየሩ የለቀመው እርጥበት ነው። ቀለም ያለው፣ በጣት ሲነካ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ግን የራዲያተሩ ፈሳሽ ነውና አይጓዙ።

ከደጀን ወደ ድልድዩ ሲወርዱ ከቁልቁለቱ መጀመሪያ ጀምሮ በሁለተኛ፣ ቀለል ባለው ቦታ በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዝ ያድርጉ። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገቡ የሚወርዱ አሉ፤ በዚያ ጊዜ የመኪናው ክብደት በሙሉ የፍሬን ሸራው ላይ ያርፋል። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት በ205 ዲግሪ ይፈላል፤ ዓመታት ቆይቶ እርጥበት የጠጣው ግን ወደ 140 ይወርዳል፤ የፈላ ዘይት አረፋ ስለሚይዝ ፔዳሉ ወለል ይነካና ፍሬን ይጠፋል። የፍሬን ዘይትዎ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ከጉዞው በፊት ይቀየር። ፍሬኑን እየቆዩ ጠንከር አድርገው ይያዙና ይልቀቁ እንጂ እግርዎን አሳርፈውበት አይውረዱ። አውቶማቲክ መኪና የሚነዱ ሰዎችም ኤል ወይም 2 የሚለውን ቦታ የሚጠቀሙበት ለዚህ ነው።

ሁሉንም አስተካክለው ሳለ አቀበቱ ላይ ጠቋሚው ከመካከል አልፎ መውጣት ከጀመረ፣ መጀመሪያ ኤሲውን ያጥፉ። ካልወረደ መስኮቱን ከፍተው ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ቀይ፣ ንፋሱንም እስከ መጨረሻው ያድርጉት፤ በበረሃ ሙቀት ማሞቂያ መክፈት ይከብዳል፣ ነገር ግን ማሞቂያው እንደ ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ሆኖ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። በከፍተኛ ማርሽ ከማስጨነቅ ይልቅ ወደ ታች ይቀይሩ፣ ነዳጅ ግን በኃይል አይስጡ። ከጥምዝ የራቀ ሰፊ ቦታ ሲያገኙ ይቁሙ፤ እንፋሎት ከሌለና ጠቋሚው እየወረደ ከሆነ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ይቆይ። ቀዩን ከነካ ወይም እንፋሎት ካዩ ወዲያው ያጥፉ። (ቪትዝን የመሳሰሉ አንዳንድ መኪኖች ጠቋሚ የላቸውም፤ ሰማያዊ መብራት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ መሆኑን፣ ቀይ መብራት ደግሞ መጋሉን ብቻ ይነግራል፤ ስለዚህ ቀዩ ከበራ የማሰቢያ ጊዜ የለም።) የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ጎማውን በድንጋይ ይደግፉ፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ ወደ ኋላ ራቅ አድርገው ያቁሙ፤ ለከባድ መኪና ሹፌር የሚበቃ ርቀት ይስጡት። ሲነሡ ድንጋዩንና ለምልክት የጣሉትን ቅጠል ሁሉ ከመንገዱ ያንሡ። ተትቶ የቀረ ድንጋይ በሌሊት ለሚመጣ ሰው ሞት ነው።

የራዲያተሩን ክዳን ትኩስ ሳለ አይክፈቱ። ወጣት ሳለሁ አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ቸኩሎ ከፈተው፤ ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ በቅጽበት ይወርድና ውስጥ ያለው ከመፍያው በላይ የጋለ ውሃ እንዳለ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፤ የፊቱና የደረቱ ቁስል ወራት ፈጀ። ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ቢቻል 45 ይጠብቁ፤ የላይኛውን ወፍራም ቱቦ በጨርቅ ይዘው ሲጫኑት ለስላሳ ከሆነ ግፊቱ ወርዷል። ከዚያም ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው ሩብ ዙር ብቻ ያላሉ፣ ፉጨቱ ሲያበቃ ይክፈቱ፣ ሞተሩን አስነሥተው ውሃውን በቀጭኑ ያፍስሱ። ውሃ በጎደለበት በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያጣምማል፤ ያ ጥገና ከራዲያተር ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። ለዚህ ሲባል ስድስት ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ ከመጠጥ ውሃው ለይተው ይያዙ።

ስለ ጎማና ባትሪ አጠር አድርጌ ልለፍ። ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) ከመውጣትዎ በፊት ያስነፉት፣ ክሪክና የብሎን መፍቻ መኖራቸውንም ይዩ። ብሎኖቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ያላሏቸው፣ ከዚያ በክሪክ ያንሡ፤ ሲያጠብቁም ተቃራኒዎቹን በየተራ፣ መጨረሻውንም መኪናው ከወረደ በኋላ። እናትዎ በክሪክ በተነሣ መኪና ውስጥ አይቀመጡ። ባትሪው በቮልት መለኪያ አድሮ 12.6 ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ እሱም ዲናሞውም ደህና ናቸው፤ አድሮ 12 ላይ ከተገኘ ወይ ተሞልቶ ይፈተሽ ወይ ይቀየር። ከሌላ መኪና በገመድ ሲያስነሡ ቀዩን ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ወደ ደህናው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከደህናው ኔጋቲቭ ወደ ሞተው መኪና ሞተር ብረት ያገናኙ፤ ከባትሪው አጠገብ ብልጭታ እንዳይኖር ነው። የእርስዎ ማንዋል ስለሆነ ቁልፉ ተከፍቶ በሁለተኛ ማርሽ ተገፍቶም ይነሣል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እጅዎ ላይ ያለው ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግልዎ የሚገባ ንብረት ነውና ይህን ሁሉ ሥራ አይሰልቹበት። ቬንትሌተሩ፣ ክንፎቹ፣ ክዳኑና ኩላንቱ ከተስተካከሉ በኋላ በቀትር ኤሲውን ከፍተው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለው ይውጡ፤ አናቱ ላይ ደርሰው ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ኤሲውንም ሳይዘጉ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቁሙ። ጠቋሚው ከመካከል ካልተነቃነቀና ኤሲውም ቆመው ካቀዘቀዘ፣ በማግሥቱ የውሃው መጠን በማጠራቀሚያው ምልክት ላይ እንዳለ አይተው ለጉዞው ይዘጋጁ። ጠቋሚው ዳግም ከወጣ፣ ወይም ምንም ሳያፈስ ውሃው በየጊዜው ከጎደለ፣ ወይም የዘይቱ መክፈቻ ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አተላ ካዩ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) በሚያዝያው ሙቀት ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል በግፊት መለኪያ ያስፈትሹት፤ ያ ፍተሻ ተደርጎ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ እናትዎን በሕዝብ ማመላለሻ ወይም በአውሮፕላን ይውሰዷቸው እንጂ በዚያ መኪና ወደ በረሃው አይውረዱ።